የፎሪንግ ፋይል

ዶክተር መክሱዱል ሐቅ የሞቱት እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መርፌውን ከተወጉ ሃያ ደቂቃ አልሞላቸውም ነበር።

ሠልጣኟ ቦኩል በዚያ ሰዓት ገና ከጀልባ ወርዳ መድረሷ ነበር። የክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ጃንጥላዋን ስታራግፍ ነርስ ሺፕራ ከሦስተኛ ፎቅ ስትጮኽ ሰማችና ደረጃውን በሩጫ ወጣችው። የክሊኒኩ ባለቤት፣ አዛውንቱ ዶክተር፣ ሃያ ወር ሙሉ አንደበታቸው ተዘግቶ፣ አካላቸው ሳይንቀሳቀስ በተኙበት አልጋ ላይ ናቸው። ፊታቸው ግን የሳቸው ፊት አይመስልም። ከንፈራቸው አብጧል፤ አንገታቸው በቀይ ሽፍታ ተሸፍኗል። ታላቅ እህታቸው ጉልነሃር የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይዘዋል። አያለቅሱም።

«ፔኒሲሊን ነው የወጋኋቸው» አለች ሺፕራ። «ፋይሉን አይቼ ነው! አይስማማቸውም የሚል ነገር የለበትም። እንቺ፣ አንቺው እዪው!»

ቦኩል ፋይሉን ተቀበለች። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም አነበበች። «ፎሪንግ» ይላል።

በወንዝ ዳሯ የባሪሻል ከተማ ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። አንዱ የመዝገብ ስም ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤትና ሐኪም ቤት የሚጻፈው። ሌላው የቤት ስም ነው፤ የወለደ፣ ያሳደገና በዕድሜ የሚበልጥ ብቻ የሚጠራው። ፎሪንግ ማለት ፌንጣ ነው። ከተማው ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ዶክተር በእናታቸው ቤት ፌንጣ ነበሩ።

ከክሊኒኩ ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ የሕክምና ቢሮ ሥራ ማሠልጠኛ አለ። አሥራ አንድ ሠልጣኞች ካርድ ማውጣት፣ ቀጠሮ መያዝና ፋይል ማደራጀት ይማሩበታል። መምህርቷ ሉትፉን አፓ፣ አፓ «ታላቅ እህት» ማለት ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «አንድ ሰው፣ አንድ ፋይል።» እናት ልጇን ስታመጣ በቤት ስሙ ታስመዘግበዋለች፤ ልጁ አድጎ ሲመጣ በመዝገብ ስሙ ሌላ ፋይል ያወጣል። በዚህም የተነሣ የካርድ ክፍሉ መሳቢያዎች ለሁለት በተከፈሉ ሰዎች የተሞሉ ናቸው። የዘንድሮ ሠልጣኞች የተግባር ሥራም እነዚህን ጥንዶች ፈልጎ አረንጓዴ ካርድ በስፒል ማያያዝ ነበር። ካርዱ «ይህ ሰው ሌላ ፋይል አለው፤ ያንን ሳታይ መድኃኒት አትስጥ» ማለት ነው።

ዶክተሩ ሁለት ፋይል ነበራቸው። በመዝገብ ስማቸው ያለው፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ከስድስት ዓመት በፊት ዋና ከተማዋ ዳካ ላይ ፔኒሲሊን ሊገድላቸው ነበር። በቤት ስማቸው ያለው አሮጌው ፋይል ግን ቀይ የለበትም። አረንጓዴ ካርድም የለበትም። መሳቢያው ደግሞ የቦኩል ድርሻ ነበር።

ቀትር ሳይደርስ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ ወስኖ ጨረሰ።

«ከወንዝ ማዶ ያመጣናት ልጅ አጎቴን ገደለችብኝ!» አለ ተውፊቅ፣ ክሊኒኩን የሚያስተዳድረው የወንድም ልጅ። «አንዲት ወረቀት በስፒል መውጋት አቅቷት!»

«አድርጌዋለሁ» አለች ቦኩል። «ከሁለት ሳምንት በፊት፣ በእጄ።»

«የታለች?»

ቦኩል ፋይሉን ደግማ ገለጠችው። የማሠልጠኛው ፈተና ሐሙስ ነው። ካለፈች የወረዳው ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ሊቀበላት ቃል ገብቷል። ወንዙ ሁለት ጊዜ ቤታቸውን የበላባት እናቷ በዚያ ቃል ላይ ነው ኪራይ ቤት የጠየቀችው። አሁን ግን ተውፊቅ ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ እስር ቤት ነው የሚያወራው።

ሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ዙሌኻ ታሉክዳር መጣች። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ጫማዋን ደጅ አውልቃ የጨርቅ ቦርሳዋን ተሸክማ ገባችና በቀጥታ ወደ ቦኩል ሄደች።

«መሳቢያው ያንቺ ነው አሉኝ። እኔ ፋይል የማንበብ ልምድ የለኝም። አብረሽኝ ዙሪ።»

ተውፊቅ አላስቻለውም። «ጥፋተኛዋን ይዘው ነው እንዴ የሚመረምሩት?»

«ፋይል የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለህ ስጠኝ።»

ተውፊቅ መንገድ ለቀቀላት።

ኢንስፔክተሯ የፎሪንግን ፋይል መስኮቱ ጋ ወስዳ ከፈተችው። የሽፋኑን ውስጥ በጣቷ ዳበሰችና ወደ ቦኩል አዘነበለችው። ሁለት የስፒል ቀዳዳዎች ነበሩ። ዙሪያቸው እንደ ሻይ ጠብታ ቡናማ ሆኗል።

«እዚህ አገር ስፒል ለመዛግ ስንት ቀን ይፈጅበታል?»

«በዚህ ዝናብ? ሳምንትም አይሞላው።»

«እሺ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ፋይሉን ዘጋችው።

መጀመሪያ የጠየቀቻት ሺፕራን ነው። ነርሷ ሥራ ከጀመረች ስድስት ሳምንቷ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

«ተረኛው ሐኪም ቅዳሜ ማታ ሳንባቸውን አዳምጦ ፔኒሲሊን አዘዘ። ፋይላቸውን አይተሽ ጠዋት ትሰጫለሽ አለኝ። ጠዋት ስመጣ የመድኃኒት ሰሃኑ ላይ ይቺ ነበረች።» ከኪሷ ጠርዙ የተቀደደ ወረቀት አወጣች። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ ፎሪንግ። «እዚህ ቤት ሁሉም ትእዛዝ በብጣሽ ወረቀት ነው የሚመጣው። ፋይላቸው በዚህ ስም ነው ማለት ነው ብዬ ሄጄ አወጣሁ። የአባት ስሙም አድራሻውም ልክ ነው። ምን ልጠርጥር?»

«በመዝገብ ስማቸው አልፈለግሽም?»

«አንዱ ጌታዬ ይላቸዋል፣ አንዱ አጎቴ፣ አንዱ ዶክተር ሳሂብ። እኔ እንግዳ ነኝ እትዬ፤ የቱ ስም የት እንደሚቀመጥ በምን ልወቅ?»

«መርፌውን ስትወጊ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

«ትልቋ እመቤት ብቻ። እጃቸውን ይዘውላቸው ነበር። እንዳይፈሩ ብለው።»

ተውፊቅ ጥያቄውን ቆሞ ነው የመለሰው። ቅዳሜ ማታ ክሊኒኩ ውስጥ አልነበረም፤ የሚስቱ ቤተሰቦች ዘንድ ሄዶ ነበር። የካርድ ክፍሉ ቁልፍ ግን ደረጃው ሥር ምስማር ላይ ስለሚንጠለጠል ማንም ሊያነሣው ይችላል።

«ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው ታውቅ ነበር?»

«በወሬ። ዳካ ሲታመሙ እኔ ኦማን ነበርኩ። ያስታመሟቸው አክስቴ ናቸው።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ኢንስፔክተር፣ እኔ ደክሞኝ ነበር፤ አልዋሽም። ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ። ሁሉንም የሚያደርጉት አክስቴ ቢሆኑም ማየቱ ራሱ ያደክማል። ግን ደክሞኝ ነበር ማለትና...»

«ልዩነቱን አውቀዋለሁ» አለች ዙሌኻ። ለአፍታ ወደ መስኮቱ አየችና ደብተሯን ገለጠች።

ሉትፉን አፓ ከሁሉም የከፋ ነገር ተናገረች። «ሁሉንም መሳቢያ በየተራ አይቼ ፈርሜያለሁ። በዚያ ፋይል ውስጥ አረንጓዴ ካርድ አላየሁም።»

«አፓ!» አለች ቦኩል። «ጎበዝ ብለው ትከሻዬን መታ አድርገውኝ ነበር እኮ!»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ ለሁሉም እላለሁ።» ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም።

ዙሌኻና ቦኩል ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ጉልነሃር ባዶው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ደረጃ ሲወጡ ከንፈራቸው ይጠቁራል። ለቀስተኛ እየገባ ይወጣል። ከኖራ ጋር የሚታኘከውን የፓን ቅጠል የሚያስቀምጡበት የነሐስ ሳጥን እንደ ወትሮው ጭናቸው ላይ ነው። ለእንግዶቹ ግን ተጠቅልሎ ያለቀ ፓን ከጎናቸው ካለው ሰሃን አነሡላቸው።

«ብሉ ልጆቼ። አፍ ይደርቃል።»

ቦኩል ፓኑን ይዛ ቀረች። በወትሮው እሳቸው ሳጥኑን ከፍተው፣ ቅጠሉን መርጠው፣ ኖራውን ቀብተው «ኩርማን ይበቃሻል፣ ጥርስሽ ገና ነጭ ነው» እያሉ ነበር የሚሰጧት።

«ይቺን ልጅ ምን ልታደርጓት ነው?» ሲሉ ጠየቁ ጉልነሃር።

«እንጃ እናቴ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ማስረጃው በሷ ላይ ነው።»

አሮጊቷ አንገታቸውን ደፉ። እጃቸው ሳጥኑን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

ደረጃው ላይ ቦኩል በሹክሹክታ «ሳጥኑን አልከፈቱልንም» አለች። ለምን እንዳለችው እሷም አላወቀችም። ዙሌኻ ቆም አለች።

«ይከፍቱ ነበር?»

«ሁልጊዜ። ለፖስተኛውም ሳይቀር።»

ኢንስፔክተሯ የካርድ ክፍሉን በር ዘጋችና ወንበር ሰጠቻት። «አንድ ነገር አልገባኝም። አሮጌው ፋይል ላይ የመዝገብ ስም የለም። ፎሪንግ የሚባለው ዶክተሩ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

«የአባት ስሙ ተመሳሰለብኝ። ግን እርግጠኛ ስላልነበርኩ ጠየቅሁ።»

«ማንን?»

ቦኩል ቀና ብላ ጣሪያውን አየችው። ከዚያ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጉልነሃር ተቀምጠዋል።

ያን ቀን ጉልነሃር እስኪያስላቸው ነበር የሳቁት። «ፎሪንግማ እሱ ነው! ይሄ ተጋዳሚው! ጣሪያ ለጣሪያ እየዘለለ እናቴን ያስለቀሳት!» ብለው ሩዝና ኢሊሽ ዓሣ አብልተዋት ነበር። እሷም እየበላች፣ እውቀቷ እያኮራት አስረዳቻቸው። አንደኛው ፋይል ቀይ አለው፣ ሌላው የለውም፤ አረንጓዴ ካርድ ካላያያዝኩ አንድ ቀን አንዱ የተሳሳተውን አንሥቶ ሊገድላቸው ይችላል ብላ። አሮጊቷ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው በጥሞና ሰምተዋታል።

«እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው» አለች ቦኩል።

«ይህን ለማንም አትንገሪ» አለች ዙሌኻ። «እስከ ረቡዕ።»

ሁለቱን ቀናት ቦኩል በጀልባ መጣች፣ በጀልባ ተመለሰች። እናቷ «ምን አሉሽ?» ስትላት «እየመረመሩ ነው» አለች። እውነቱ እንዲወጣ ትመኛለች፤ ወዲያው ደግሞ እንዳይወጣ ትመኛለች። የምትድነው አንዲት ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሴት በሷ ምትክ ተይዘው ነው። ከሁለት አንዱን የመምረጥ ሥልጣን ቢኖራት ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ሥልጣኑም አልነበራትም።

ረቡዕ ከሰዓት ሁሉም መማሪያ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጉልነሃርን በወንበር አውርደዋቸዋል። ሰሌዳው ላይ «አንድ ሰው፣ አንድ ፋይል» የሚለው ገና አልተደመሰሰም።

ዙሌኻ አሮጌውን ፋይል ጠረጴዛ ላይ ከፈተች።

«ሁላችሁም ካርዱ አልነበረም ትላላችሁ። እነዚህን ቀዳዳዎች እዩ፤ ዙሪያቸው ዝጓል። አዲስ ስፒል ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ዝገት የሚተወው በዚህ እርጥበት ቀናት ሲቆይ ነው። ስለዚህ ካርዱ ነበረ፤ በኋላ ተነሣ። ቦኩል እውነቷን ነው።»

ቦኩል እፎይታ ይሰማኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተሰማትም።

«ሉትፉን አፓ፣ አላየሁም ያሉት እውነት ነው። መሳቢያውን ሳይከፍቱ ነው የፈረሙት።»

መምህርቷ መነጽሯን አወለቀች። «መቶ አርባ ፋይል ነው» አለች፤ «ጎበዝ ናት ብዬ... ሳላይ ፈረምኩ። ከዚያ ፈራሁ።»

«ሁለተኛው ይቺ ናት።» ኢንስፔክተሯ የሺፕራን ብጣሽ ወረቀት አነሣች። «ተውፊቅ፣ እስቲ አንብብልኝ።»

ተውፊቅ አየው። «የአጎቴ የቤት ስም ነው።»

«መሆኑን አውቃለሁ። አንብበው።»

«አላነበውም። ነውር ነው።»

«እርስዎስ አፓ?»

«በአሥራ ሦስት ዓመት አንሳቸዋለሁ እኮ! እንዴት አድርጌ?»

«አያችሁ? ፖሊስ እያዘዛችሁ እንኳ ከአፋችሁ አይወጣም። የጻፈው ሰው ግን ጌታዬ አላለ፣ ዶክተር አላለ፣ አጎቴ አላለ። ስሙን ብቻውን ነው የጻፈው።»

«ቢሆንስ?» አለ ተውፊቅ። «አፍ የማይለውን እጅ ሊጽፍ ይችላል። ሆን ብዬ ብጽፈውስ?»

«ትክክል። ስለዚህ ይሄ ብቻውን አይበቃም። ግን ካርዱን ያነሣ ሰው ካርዱ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ነው። ሺፕራ አታውቅም፤ ተረኛው ሐኪም አያውቅም፤ አንተም ካርድ ክፍል ገብተህ አታውቅም። አፓ ካርዱ መኖሩንም አላወቁም። ቦኩል ስለሁለቱ ፋይሎች ያስረዳችው አንድ ሰው አለ። ያ ሰው መርፌው ሲወጋ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ዳካም አብሮ ነበር። አንድ ቃል ቢናገር መርፌው ይመለስ ነበር።»

ወደ ጉልነሃር ማንም አላየም።

«የቀረኝ ካርዱ ነው። ማንም ቢሆን ያቃጥለዋል ብዬ ነበር። ከዚያ ግን በአራት ቀን ይህ ሁሉ ለቀስተኛ ሲመጣ ለፖስተኛ እንኳ የሚከፈት ሳጥን አለመከፈቱን ሰማሁ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እናቴ፣ ፓን ይሰጡኛል?»

ጉልነሃር የነሐሱን ሳጥን ከፈቱት። አረንጓዴው ካርድ ከቅጠሎቹ ሥር ነበር፤ ጠርዙ ኖራ ነክቶታል። በቦኩል የተጣራ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ፎሪንግ እና ዶክተር መክሱዱል ሐቅ። አንድ ሰው ናቸው።»

«ሦስት ጊዜ ምድጃ ድረስ ወስጄዋለሁ» አሉ። «አንድ ሰው ናቸው ይላል። እኔ ሃያ ወር ሙሉ ያንን ልጅ እዚያ አልጋ ላይ ስፈልገው ነበር። ይቺ ልጅ በአንድ መስመር አገናኘቻቸው። እንዴት ላቃጥለው?»

«ለምን አክስቴ?» አለ ተውፊቅ። ልጅ የሆነ ይመስል ነበር።

«ሐኪሙ ልብሽ እስከ በጋው አይደርስም አለኝ። ከኔ በኋላ ማን ያገላብጠዋል? አንተ? ማየቱ ይደክምሃል።» ይህን ያሉት ያለ ቁጣ ነው። «ቅዳሜ ማታ ፔኒሲሊን ሲሉ ሰማሁ። ወንድሜ ወደኔ አየ። እሱም ሐኪም ነው፤ ያውቃል። አላየሁም አልልም።»

«ጠየቁዎት ማለት ነው?» አለች ዙሌኻ።

«ምላስ የለውም። ያለው ዓይን ነው። አድርጊልኝ ያለኝ መስሎኝ ነበር።» እጃቸው ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ። «ምናልባት አድኚኝ እያለኝ ይሆናል። ከእሑድ ጀምሮ እሱን ነው የማስበው።»

ሺፕራ ፊቷን በነጠላ ጨርቋ ሸፈነች።

«አንቺ ልጅ» አሉ አሮጊቷ ወደ ቦኩል ዞረው። «ባንቺ ላይ ይወድቃል ብዬ አላሰብኩም። ከወደቀ በኋላ ግን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ነገ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ እያልኩ። ይቅር እንድትዪኝ አልጠይቅሽም።»

ቦኩል ያበሏት ሩዝ ትዝ አላት።

ኢንስፔክተሯ ካርዱን በፖስታ አሸገችው። ዶክተሩ ስለሞቱ ፋይላቸው ተጣምሮና ተዘግቶ ለፍርድ ቤት መላክ እንዳለበት ለመምህርቷ ነገረቻት። ተውፊቅ ያን ጊዜ ነው፣ ማሠልጠኛው ከዛሬ ጀምሮ ዝግ እንደሆነና የነገው ፈተና እንደማይኖር የተናገረው። ማንም አልተከራከረውም።

ሉትፉን አፓ ሁለቱን ፋይሎች፣ ማስመሪያና ቀይ እስክርቢቶ ቦኩል ፊት አስቀመጠች።

«የተግባር ፈተናሽ አድርጌ እይዘዋለሁ» አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። «የምስክር ወረቀትሽን ዛሬውኑ እፈርማለሁ። ከዚህ ሌላ የማደርግልሽ ነገር የለኝም። ደንቡን ታውቂዋለሽ።»

ቦኩል ታውቀዋለች። የሁለቱ ፋይል ገጾች በቀን ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ቀዩ ወረቀት ከፊት ይሆናል። የመዝገብ ስም ይጸናል፤ የቤት ስም በቀይ ይሰረዛል።

ገጾቹን ደረደረች። ኢንስፔክተሯ ጉልነሃርን በክንዳቸው ደግፋ ስታነሣቸው አሮጊቷ ጠረጴዛው አጠገብ ቆም አሉ።

«የቱን ነው የምትሰርዢው?»

ቦኩል ማስመሪያውን እንደያዘች ቀረች። «ደንቡ ነው እመቤቴ» አለች።

«አውቃለሁ። የቱን?»

ጉልነሃር ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ በሩ ዞሩ። ላለማየት ነው።

ቦኩል እናቷን አሰበች፤ ወንዙን አሰበች። ማስመሪያውን የቤት ስሙ ላይ አስተካክላ ቀዩን መስመር ሳበችው። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ሉትፉን አፓ ጎንበስ ብላ አየችና ጥግ ላይ ሙሉ ነጥብ ጻፈች።

ከደጅ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ የጉልነሃር ድምፅ ተሰማ። ጮክ ብለው አልነበረም። ልጅ ከጣሪያ ላይ ወርዶ ምሳ እንዲበላ እንደሚጠራው ነው የጠሩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

«ፎሪንግ!»

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰሙት። ያን ስም ደግሞ ሊጠራ የሚችል ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።